ሥራ ሳይለቁ፣ ልጅ እያሳደጉ ነጠላ ዜማ እንዴት ማውጣት ይቻላል?

የመጀመሪያ ዘፈኔን ልቀዳ ስቱዲዮ የገባሁት ሁለተኛ ልጄ አምስት ወር ሲሞላው ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አቀናባሪው «እንጀምር?» ሲለኝ ጡቴ መፍሰስ ጀመረ። ሸሚዜ ባንድ አፍታ ራሰ። ለቀጠሮው የአለቃዬን ፈቃድ፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ የመብራት መጥፋቱን ሳይቀር አስቤ ነበር፤ የልጄን የመጥቢያ ሰዓት ግን ረስቼዋለሁ። አቀናባሪው ገና ወጣት ነው። ምንም ሳይናገር ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝና ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔም በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ በራሴ ገንዘብና በራሴ ስም አራት ነጠላ ዜማ አውጥቻለሁ። ቪላ የሠራልኝ የለም። ሁለቱ ወጪያቸውን መልሰዋል፣ በአንዱ ምክንያት ሠርግ ላይ እጠራለሁ፣ አንዱ ደግሞ ባይወጣ ይሻል ነበር። ቀን ቢሮ፣ ማታ ልጅ፣ በመሀል ዜማ እያንጎራጎረች የምትኖር እናት ከየት ልጀምር ብላ ብትጠይቀኝ የምነግራትን በሥራው ቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። አባቶችም ቢያነቡት አይከፋም፤ ሁለተኛው ክፍል በተለይ ይመለከታቸዋል።

1. ደመወዝሽን አትልቀቂ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። በሙዚቃው መንደር ግን ሙሉ ጊዜዋን ያልሰጠች ሴት ዘፋኝ አትሆንም የሚል ወሬ አለ። እኔ አልቀበለውም። ደመወዝ ያላት ሴት የቤት ኪራይ ስለደረሰባት ብቻ ክፉ ውል ላይ አትፈርምም። ቢሮው ለዘፈኑ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ገንዘቡ አይደለም፤ «ላስብበት» ብሎ መመለስ መቻል ነው።

በመጀመሪያ የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። ሌላ ገቢ ያለው ሥራ መሥራትን የሚከለክል ወይም አስቀድመሽ እንድታሳውቂ የሚጠይቅ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ቀጥሎ የዓመት ፈቃድሽን ቁጠሪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። እኔ ከዚህ ላይ በዓመት አራት ቀን ለሙዚቃ እቆርጣለሁ፤ ሁለቱ ድምፅ ለመቅዳት፣ አንዱ ሚክሲንግ (የተቀዳው ድምፅና መሣሪያ ሲመጣጠን) ላይ ለመቀመጥ፣ አንዱ ለክሊፕ። የቀረው የልጆች ጉንፋን ድርሻ ነው።

ይኸው አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህን ጊዜ ለአልበም ሥራ ያቀደች ነፍሰ ጡር አጋጥማኛለች። እባክሽ ተዪው። ዘፈን በትንፋሽ ነው የሚቆመው፤ ትንፋሹን የሚይዙት የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ ወራቱን ሙሉ ሲለጠጡ ከርመዋል። እንቅልፍም የለም። በእነዚያ ወራት ልጅሽን እሹሩሩ ስትዪ ስልክሽን አጠገብሽ አድርገሽ ቅጂ፤ ከዚያ በላይ ከራስሽ አትጠብቂ። የሦስተኛው ዘፈኔ አዝማች የተገኘው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተቀዳ፣ መሀሉ ላይ ማስነጠስ ካለበት እንዲህ ያለ ቅጂ ነው።

2. ሰዓትሽን በዓይነቱ ለዪው

«ጊዜ የለኝም» የምትል እናት አትዋሽም። ግን ጊዜው የለም ሳይሆን ተበጣጥሶ ነው ያለው። ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢና የምትቀመጪበትን፣ የምትጠብቂበትን፣ የምትጓዢበትን ሁሉ ጻፊ። የእኔ ደብተር ያሳየኝ ሦስት ዓይነት ቁራጭ ነው፦ ሁሉም ሳይነሣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ ያህል፣ ጠዋትና ማታ የታክሲ መንገድ፣ እና የቅዳሜ ጠዋት።

ስሕተቱ የሚመጣው ሁሉንም ሥራ በሁሉም ሰዓት ልሥራ ሲባል ነው። ንጋት ላይ ጮክ ብለሽ አትዘፍኚም፤ ልጅ ይነሣል። ንጋት ግጥም የሚጻፍበት፣ ስንኝ የሚለካበት ነው። ታክሲ ውስጥ ማዳመጫሽን አድርገሽ ቅንብሩን መቶ ጊዜ ስሚ፤ ቃሉ አፍሽ ላይ እስኪለምድ አንጎራጉሪ፤ የአቀናባሪውን መልእክት መልሺ። ሙሉ ድምፅ የሚወጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። እንዲህ ሲከፋፈል ሳምንቱ ውስጥ የባከነ ቀን እምብዛም አይገኝም።

ስለ ቅዳሜ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽን «እስቲ አግዘኝ» አትበዪው። «አግዘኝ» ማለት ሥራው የእኔ ነው፣ ሲመችህ ግባበት ማለት ነው፤ እሱም ሲመቸው ብቻ ይገባበታል። እኔ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስለምን ከቆየሁ በኋላ ነው የሰዓት ስምምነት ያደረግነው። ቅዳሜ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ልጆቹ የእሱ ናቸው፤ ቁርሱም፣ ጠቡም፣ የጠፋው ካልሲም። ለእኔ ደግሞ በሩ ተዘግቷል። መጀመሪያ ላይ በየአሥር ደቂቃው በር ይንኳኳ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ካልሲው ያለበትን ራሱ አገኘ።

ብቻዋን የምታሳድግ እናት ይህ አማራጭ የላትም። አንዲት ጓደኛዬ ከጎረቤቷ ጋር ትቀያየራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት የሷ ልጆች እዚያ፣ እሑድ ከሰዓት የጎረቤቷ ልጆች እዚህ። ገንዘብ ሳይወጣበት ሦስት ዓመት ዘልቋል።

3. ድምፅሽን ከልጆችሽ አድኚው

ልጆቹን መውቀሴ አይደለም። ግን የእናት ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ቢሮ ስልክ፣ ቤት «ውረድ ከዚያ!»፣ ከጓሮ እስከ በር ጥሪ። ቅዳሜ ሲደርስ የሚቀረው የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ከሌላ ክፍል ሆኜ መጣራት ትቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ ይመጣሉ። ውኃ ሳልጠማ እጠጣለሁ።

ማሟሟቂያው ቀላል ነው። ብርጭቆ ላይ እስከ ግማሹ ውኃ አድርጊ፤ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ሁለት ጣት ያህል ውስጡ ንከሪ፤ በስትሮው ውስጥ «ኡ» እያልሽ ውኃው እንዲንተከተክ አድርጊ። ከወፍራሙ ድምፅሽ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ቀስ ብለሽ ተንሸራተቺ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አፉ በከፊል ስለተዘጋ አየሩ ወደኋላ ይገፋና የድምፅ አውታሮቹ ኃይለኛ ምት ሳይመቱ እንዲንቀጠቀጡ ያደርጋል። ድምፁም ትንሽ ነው፤ ልጅ ቢተኛም ይሠራል። የእኔዎቹ ግን ሲያዩኝ ብርጭቋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወጥ ቤቱ ሦስት ድስት የተጣደበት ይመስላል።

የድምፅ መጎርነን ሦስት ሳምንት ካለፈው ዝንጅብልና ማር ላይ አትቆዪ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

4. አልበሙን እርሺና አንድ ዘፈን ያዢ

አልበም አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን ነው፤ ለእኔና ለአንቺ ዓይነቷ ሰው ስድስት ዓመት ይፈጃል። አንድ ዘፈን በስድስት ወር ያልቃል።

ዘፈኑን ለአቀናባሪ ከመውሰድሽ በፊት የማሳያ ቅጂ ቤትሽ ሥሪ። የልብስ ቁም ሣጥን በር ከፍተሽ ፊትሽን ወደ ልብሱ አድርጊ፤ ከኋላሽ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀዪ። ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጠው የክፍሉ ማስተጋባት ይጠፋል። ስልክሽን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርገሽ ከአፍሽ አንድ ስንዝር ተኩል አርቀሽ ቅጂ። በዚህ ቅጂ ላይ የምትፈትኚው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅኝቱ ነው፤ ዜማው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ሲዘፈን የትኛው ለቃሉ እንደሚስማማ ሞክሪ። እኔ በባቲ የጀመርኩት ግጥም ወደ ትዝታ ሲዛወር ነው ዕንባ ያለበት መሆኑን ያየሁት።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አቀናባሪው ድምፅሽ ከላይ የሚያበራበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሥራው ነውና አይፈረድበትም። አንቺ ግን ዓርብ ማታ፣ ከቢሮና ከቤት ሥራ በኋላ ደክሞሽ የምትደርሺበትን ከፍታ እወቂና እሱን ንገሪው። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ቀን የተደረሰበት ጫፍ ሠርግ ላይ በየሳምንቱ ይፈለጋል።

5. መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ስቱዲዮ

ከሁሉም በላይ የምቆይበት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኔን ዜማ ከአንድ ዜማ ደራሲ ቡና ላይ ተስማምተን፣ ገንዘቡን በእጁ ሰጥቼ፣ ያለ ወረቀት ወሰድኩ። ከስምንት ወር በኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ያው ዜማ በሌላ ሴት ድምፅ፣ በሌላ ግጥም ሲዘፈን ሰማሁ። ደውዬ ስጠይቀው «ለአንቺ ብቻ ሰጠሁሽ አላልኩም» አለኝ። ለአንቺ ብቻ ብሎኝ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብሎኝ ቢሆንም ማሳየት አልቻልኩም። የሰው ሒሳብ በደረሰኝ የምፈትሽ ሴት፣ የራሴን ያለ ደረሰኝ ከፈልኩ።

አንድ ዘፈን ላይ የብዙ ሰው መብት አለ፦ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው፣ ሕጉ ከዋኝ የሚላት የዘፋኟ፣ እንዲሁም ቅጂው እንዲሠራ ያደረገው የፕሮዲዩሰሩ። ወጪውን ችለሽ ሥራውን የምታስተባብሪው አንቺ ከሆንሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባርኔጣዎች የአንቺ ናቸው። ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ተፈጥሮ ሲጻፍ ወይም ሲቀዳ ነው፤ ምዝገባን አይጠብቅም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት፣ የከዋኝና የድምፅ ቅጂ ፕሮዲዩሰር መብትም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሃምሳ ዓመት ማለት የልጅ ልጆችሽ ማለት ነው። መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቡና ላይ የተባለው ቡና ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከገጣሚው፣ ከዜማ ደራሲውና ከአቀናባሪው ጋር ለየብቻ አንዳንድ ገጽ ውል ተፈራረሚ። ዜማው ለአንቺ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ይሰጣል? ለስንት ዓመት? በኢንተርኔት፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በመድረክ ሁሉ መጠቀም ትችያለሽ? ከሚገኘው ገቢ ድርሻ አለው ወይስ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተጠናቋል? ስሙ እንዴት ይጻፋል? የግጥሙ ሙሉ ቃል ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። ክፍያውን በባንክ አድርጊ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም የዘፈኑን ርእስና «የዜማ ክፍያ» ብለሽ ጻፊ። ይህች አንድ መስመር ከምስክር ትበልጣለች። ከዚያ ግጥሙንና ዜማውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግቢ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆንሻል።

ሌላው ውል የሚመጣው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ተከታይ ያለው የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ደውሎ «እኛ ጋ ይውጣ» ይላል። መጥፎ አይደለም፤ ተመልካቹ እሱ ጋ ነው። ግን የሚጠይቅሽ ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም ፈቃድ ነው ወይስ ዘፈኑን ለዘለዓለም መግዛት? ቻናሉ ዘፈኑን ኮንቴንት አይዲ በሚባለው፣ የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደሆነ በሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት ውስጥ በራሱ ስም ካስገባው፣ ነገ አንቺ በራስሽ ቻናል ስትጭኚው ገቢው ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል። ልጅ ትኩሳት ይዞት፣ ደመወዝ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀር የሚመጣ ውል በተለይ ይነበብ። በዚያ ቀን አልፈርምም የሚል የቤት ሕግ አለኝ።

6. ገንዘቡና ወቅቱ

ብድር አልመክርም። እቁብ ግቢ። ዕጣው እስኪደርስ ዘፈኑን እያበሰልሽ ትቆያለሽ፤ መዘግየቱ ለግጥሙ ይበጀዋል። የወጪ ዝርዝር ስትጽፊ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ የመሣሪያ ተጫዋች፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ)፣ ክሊፕ፣ ማስተዋወቂያ ብለሽ አትቁሚ። ስቱዲዮ በምትውዪበት ቀን ልጅ ለሚይዝልሽ የሚከፈለውና የማታ ታክሲውም የዘፈኑ ወጪ ነው። እኔ ይህን ማስገባት ስጀምር ዘፈን በእውነት ስንት እንደሚያወጣ ገባኝና በዓመት ሁለት ያልኩትን ወደ አንድ አወረድኩት። ለስቱዲዮው ግማሹን ስትጀምሪ፣ ግማሹን ፋይሎቹን ስትረከቢ ክፈዪ።

ወቅትም ዋጋ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር የማሲንቆና የኪቦርድ ተጫዋቾች ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ዋጋም ይስማማሉ። አቀናባሪዎች ግን ወደ መጨረሻው ለፋሲካ በሚደርሱ ሥራዎች ይጨናነቃሉ። ስለዚህ መሣሪያ ማስቀዳት በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንታት ይሁን።

ከስቱዲዮ ስትወጪ አራት ነገር ይዘሽ ውጪ፦ ያለቀውን ዘፈን በ24 ቢት ዋቭ (ጥራቱ ባልተቀነሰ) ፋይል፣ ያለ አንቺ ድምፅ ያለውን ቅንብር፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ፣ እና የፈራረማችሁትን ወረቀት። ቅንብሩ ብቻውን ባንድ በሌለበት መድረክ ያድንሻል። «በኋላ እልክልሻለሁ» ከተባለ ቀሪው ግማሽ ክፍያም በኋላ ይላካል።

7. ማውጣት

እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ሥራ ነበር። እሱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ ያን ጥሶ ቅጂውን ሕንድ ድረስ ልኮ በሸክላ አሳተመ። ለእሱ ከባድ የነበረው ማሳተሙ ዛሬ የቀለለው ክፍል ነው። እንደ ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮርና ሲዲ ቤቢ ያሉ አከፋፋዮች ዘፈንሽን ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክና ሌሎችም የሙዚቃ መተግበሪያዎች ያደርሱታል፤ አይኤስአርሲ የሚባለውን የቅጂውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያም ይሰጡታል። ዲስትሮኪድ በዓመት፣ ሲዲ ቤቢ በአንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ነው የሚያስከፍሉት። በዓመት አንድ ዘፈን ለምታወጣ እናት የትኛው እንደሚረክስ ስሌቱን ራስሽ ሥሪው።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙዎቻችን የአከፋፋዩን አካውንት ውጭ በሚኖር ዘመድ ስም እንከፍታለን። እኔም እንዲሁ ነኝ። እኅትሽም ብትሆን ግን አካውንቱ የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚላክ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ወረቀቱ ፍቅርን አይቀንስም፤ የወረቀቱ አለመኖር ነው የሚቀንሰው።

ስምሽን በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፊ መጀመሪያውኑ ወስኚና አትቀይሪው። የእኔ ስም ውስጥ «ጸ» አለች። አንዱ ዘፈኔ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ፊደል ተጽፎ ወጣና መተግበሪያዎቹ ሁለት ዘፋኝ አደረጉኝ። ለማዋሐድ ሁለት ወር ፈጀ።

ቀኑን በተመለከተ፣ እንቁጣጣሽና ፋሲካ የትልልቆቹ ናቸው፤ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ትንሽ ጀልባ አትታይም። የእኔ ወር ኅዳር ነው። ፋይሉን ከመውጫው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድመሽ ጫኚ። ክሊፕ ካቃተሽ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጥሩ ካሜራ ይበቃል። ልጆቼን ክሊፕ ውስጥ አላስገባም፤ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስኑ።

8. መድረክ

ገንዘቡ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ናቸው። እኔ የምቀበለው የቀን ሠርግና መልስ ብቻ ነው፤ እኩለ ሌሊት ክለብ የዘፈነች እናት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች። ስትስማሚ ቀብድ፣ የመመለሻ መኪና እና የመጨረሻ ሰዓት ጠይቂ። «ምናለ አንድ ዘፈን ብትጨምሪ» ሲባል መኪናው ቆሟል በዪ፤ ቆሟልና።

9. ቅጂው

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ለአንድ ወር ምንም አዲስ ነገር አትጀምሪ። ቅዳሜውን ለልጆች መልሺ። በዚያ ወር የምትሠሪው ሥራ ፋይሎቹን ሁሉ፣ ውሎቹን ፎቶ አንሥተሽ ጨምረሽ፣ ሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። የእኔ አንዱ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሌላውን እናቴ ከሠርግ ፎቶዋ ጋር በአንድ ሣጥን ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ አሥራዋለች። ባለፈው ሄጄ ልወስደው ብል «ደረሰኝ አለሽ?» አለችኝ።